ስለ ኤሊዋ ማን ነገረሽ?

ኅዳር 9፣ 1973

ገቢ ደብዳቤ አሥራ ሰባት፣ ወጪ ስድስት። ከገቢዎቹ አንዱ ፊርማ የለውም። መለስኩት። ይዞት የመጣው መልእክተኛ ተቆጣ። «ማህተም አለው እኮ!» ይላል። ማህተሙንማ ማንም ይመታዋል፤ የላከው ማን ነው? አሥራ አንድ ዓመት መዝገብ ቤት ስቀመጥ ላኪው ያልታወቀ ወረቀት አስገብቼ አላውቅም። ሥራው አመል ሆኖብኛል። ቲማቲም ስገዛ እንኳ ከየት መጣ ሳልል አልገዛም። ሰው ይስቅብኛል... ይሳቅ።

ከአውቶቡስ ወርጄ ዳገቱን በእግሬ። የእንጦጦ ነፋስ ጀምሯል። እናቴ ደጅ ተቀምጣ ጠበቀችኝ። «ቆጫዋ ዛሬ ጥሩ በላች» አለችኝ። እንደምን ዋልሽ የለ፣ ምን የለ። ኤሊዋን በኦሮምኛ ቆጫ ነው የምትላት፤ ሌላ ስም አላወጣንላትም።

ኤሊዋ የወንድሜ የነገሳ ናት። ወታደር ነው። በ70 ዓ.ም. ፈቃድ ሲመጣ ከአዋሽ በረሃ በሸራ ቦርሳ ይዟት መጣ። «እስክመለስ ጠብቁልኝ» አለና ወደ ሰሜን ሄደ። መጨረሻ የጻፈልን አምና ጥር ላይ ነው። አሥር ወር። እናቴ ስለ ነገሳ መጠየቅ ካቆመች ቆየች። የምትጠይቀው ስለ ኤሊዋ ብቻ ነው። ለምን እንደሆነ ይገባኛል። አልነካካውም።

ይህን ደብተር ከምስር ጣሳው ሥር ነው የማስቀምጠው። ስለ ቲማቲምና ስለ ኤሊ የሚጽፍ ሰው ምን የሚደብቀው አለው? የለውም። ቢሆንም...

ኅዳር 12፣ አርብ

የሚካኤል ንግሥ። እናቴ ከጠዋት የካ ሚካኤል ሄዳ ስማ መጣች። እኔ ቢሮ ዋልኩ። ስመለስ ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን ጠርጎ በየደጁ እያቀጣጠለ ነው። ኅዳር ሲታጠን እንደ ዘንድሮ ጭሶ አያውቅም። ደብሪቱ ከአጥሩ ወዲያ ያረጀ ፍራሽ ሳይቀር ጨመረችበት። ዓይኔ እስኪያብጥ አነባሁ። እኔም የኛን ጠርጌ አቃጠልኩ፤ በሽታ ይውጣ ብዬ።

ኤሊዋ ከአጥሩ ሥር መሆኗ ትዝ ያለኝ እሳቱ ሲበርድ ነው።

ኅዳር 14

አልበላችም። አፍንጫዋ ላይ አረፋ አለ። ስትተነፍስ ፊሽ፣ ፊሽ። ጎመን ሳቀርብላት ፊቷን አዞረች። እናቴ ከውስጥ «በላች?» አለች። «በልታለች» አልኳት።

ዋሸኋት።

ኅዳር 17

ፈቃድ ጠይቄ በዘንቢል ይዣት የእንስሳት ክሊኒክ ሄድኩ። አውቶቡስ ውስጥ አንዲት ሴትዮ ዘንቢሉን እያየች፤ «ታማለች? በይ ምንም አትስጫት፣ ዝም በያት። ከሞተች ግን ቅርፊቷን እንዳትጥይው፤ ለኔ ስጪኝ፣ ለመድኃኒት ይሆናል» አትለኝም! ይኼ ነው ምክሯ። እንግዲህ ከዚህ በኋላ የሚመክረኝን ሁሉ መጀመሪያ ምን እንደሚፈልግ ነው የማየው።

ሐኪሙ ኤሊዋን ሲያይ ወደ ኋላ አለ።

«የበግ ግማሽ መርፌ እንውጋት» አለ።

«ኤሊ አክመው ያውቃሉ?»

«በግ አክሜያለሁ።»

«ኤሊስ?»

«ያው እንስሳ ናት እንግዲህ።»

መርፌውን የት ሊወጋ ነው? ቅርፊቷን? ከዚያ ደግሞ ቅጽ አወጣ። ስም፣ የቤት ቁጥር፣ ቀበሌ፣ እንስሳዋ ከየት እንደመጣች፣ ማን እንዳመጣት... «ወታደር ወንድሜ» ብዬ ላስጽፍ? ምን ያደርግለታል ይኼ ሁሉ? የታመመችው ኤሊዋ፣ የሚመረመረው እኔ። ከቀበሌ ወረቀት አምጥቼ እመለሳለሁ ብዬ ወጣሁ። አልመለስም።

ለነገሳ ልጽፍለት አሰብኩ፤ ኤሊዋን የሚያውቃት እሱ ነው። ግን ለአሥር ወር ዝም ላለ ሰው... ደብዳቤውስ እኔ ሳላውቀው በስንት እጅ ያልፋል?

ኅዳር 18

ጓድ ኃይሉ። ከፕላን ክፍል። ሞስኮ ስድስት ወር ሠልጥኖ ከመጣ ወዲህ የማያውቀው ነገር የለም። ስለ ኤሊዋ ከማን እንደሰማ እንጃ (ፈቃድ ስጠይቅ ነዋ)፣ አንድ የመስኮብ መጽሔት ይዞልኝ መጣ። ከነሥዕሉ። እያነበበ ተረጎመልኝ።

«ብርድ ሲገባ ይተኛሉ። በሣጥን ገለባ ጎዝጉዘሽ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ታስቀምጫታለሽ። ሦስት ወር አትበላም፣ አትጠጣም። ከዚያ ራሷ ትነቃለች።»

«ይቺ ሥዕሉ ላይ ያለችው የየት አገር ናት?»

«ኤሊ አገር የላትም፣ ጓድ የሺሃረግ!» ብሎ ሳቀ። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ።

የሥዕሏ ትንሽ ናት፣ ቡናማ። የኛ የትልቅ ድስት ክዳን ታህላለች፣ ጥቁር ነጠብጣብ አላት። አንድ ናቸው? አልመሰለኝም። በረዶ አገር ያለች ኤሊ ትተኛ ይሆናል፤ የአዋሽ ኤሊ መተኛት ከማን ተማረች?

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ

የቀበሌ ሱቅ ወረፋ። ሳሙና መጥቷል ተብሎ። ከደብሪቱ ጋር ቆምን። ደብሪቱ ከኔ ጋር አንድ አጥር ነው የሚለየን፤ ከልጅነት ጀምሮ አብረን ነን። ወሬ ትወዳለች እንጂ ክፋት የለባትም። ስለ ኤሊዋ ጠየቀችኝ። «ቢሮ አንድ ሰው በብርድ ይተኛሉ፣ ሣጥን ውስጥ ነው ማስቀመጥ ይላል» አልኳት። ወረፋው ተንቀሳቀሰ፤ እኔ አላመንኩትም የሚለውን ጨመርኩ ወይስ ሳልጨምር ቀረሁ?

እየተጫወትን ሳለ ሬዲዮ ጠጋኙ ጀይላን መጣ። ወረፋው ጭጭ አለ። ሃምሳ የሚሆነው ሰው ነው፣ ቀጭን፣ ከአዋሽ ነው የመጣው፤ ምድር ባቡር ይሠራ ነበር ይባላል። ከሁለት ዓመት በፊት ከቤተ ክርስቲያኑ ታች የቀበሌ ቤት ተሰጠው፣ በአንዱ ክፍል ሱቅ ከፈተ። ሁልጊዜ ትንሽ ደብተር ኪሱ ውስጥ አለች። የመንግሥት ጆሮ መሆኑን ሕፃን ሳይቀር ያውቃል። ሁላችንም ስለ አየሩ ብርድ ማውራት ጀመርን። እሱ መጨረሻ ላይ ቆመ።

«የአዋሽ ሰው አይደል? ኤሊ ያውቅ ይሆናል» ብዬ በሹክሹክታ አልኩ።

«የሺ፣ አብደሻል? በኤሊ ሰበብ ገብቶ የቤታችሁን ጉዳይ፣ የነገሳን ጉዳይ... ተይ!» አለች ደብሪቱ።

እውነቷን ነው። ምን ነካኝ?

ኅዳር 25

አሁንም አልበላችም። ጎመን የምንገዛባት ታደለች ዛሬ ሳልጠይቃት ራሷ አነሣችው። «ኤሊኮ በብርድ ጊዜ ትተኛለች። አያቶቻችን ሣጥን ውስጥ ነበር የሚያስቀምጧቸው» አለች። አያቶቻችን? የታደለች አያት ኤሊ ያሳድጉ ነበር? ግን እሷ ከኃይሉ ጋር አትተዋወቅም። መጽሔትም አታነብም።

ኅዳር 28

የቀበሌው ጥበቃ አዱኛ፣ በር ላይ፤ «እትዬ የሺሃረግ፣ ኤሊዎን አያስቸግሯት፤ እንቅልፏ ነው አሉ። ገለባ ነው የሚሆናት።» እሱም!

ታኅሣሥ 2

እናቴን ከየካ ሚካኤል ልቀበል ሄጄ የቄሰ ገበዙ እናት እማሆይ ወለተሥላሴ አገኙኝ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ «ልጄ፣ ያቺ ፍጥረት ተኝታ እንጂ አልታመመችም። ሣጥን አብጂላት።»

ጎመን ሻጭ፣ ጥበቃ፣ መነኩሲት። ሦስቱም ከቅርፊቷ የሚፈልጉት ነገር የለም። ሦስቱም በአንድ ቦታ አይውሉም። ኃይሉን ብቻውን አላምነውም ነበር፤ አራት ሰው አንድ ቃል ሲናገር ግን... ቢሮ ቢሆን ይኼ አራት ፊርማ ነው። አስገባዋለሁ።

ታኅሣሥ 3

አስገባኋት። ሣጥኑን ደብሪቱ ሰጠችኝ። ገለባ። ፀሐይ በማይደርስበት በጓዳው በኩል፣ ወለሉ ሲሚንቶ ነው፣ እግር ያደነዝዛል። እናቴ ቆማ አየችን።

«ሳትበላ ነው የምትከድኛት?»

«ተኝታለች እማዬ።»

«ማን አለ?»

«ሁሉም ሰው።»

 ከዚያ በርጩማዋን አምጥታ ሣጥኑ አጠገብ ተቀመጠች።

ታኅሣሥ 11

ሣጥኑ ውስጥ ዝም።

ታኅሣሥ 16

ከፍቼ አየሁ። ዓይኗ ተከድኗል። ቀለለችኝ... ወይስ መሰለኝ? ደብሪቱ «አትነካኪያት፣ እንቅልፏን ታቋርጫለሽ» አለች። ከደንኩት።

ታኅሣሥ 22

ዛሬ እግሯን ነካሁት። ነገሳ ሲነካት እግሯን ወዲያው ነበር የምትሰበስበው። ዛሬ አልሰበሰበችውም። ለረጅም ጊዜ እጄን ሳላነሣ ቆየሁ። መጨረሻ ላይ ትንሽ ንቅንቅ። ዓይኗ ወደ ውስጥ ሰርጉዷል። ይኼ እንቅልፍ ነው? የተኛ ሰው ዓይኑ ይሰረጉዳል?

ደንግጫለሁ። ከሞተች እናቴን ምን እላታለሁ? ኤሊዋ ሞተች ስላት ምን ብላ እንደምትሰማው አውቃለሁ። ያንን ከኔ አፍ አትሰማም።

ሣጥኑ ይውጣ ወይስ ይቆይ? ካወጣኋት እንቅልፏን ሰብሬ ልገድላት ነው፤ ከተውኳት... አራት ሰው ነግሮኛል። ግን አራቱ ከማን ሰሙ? ይኼን ሳልጠይቅ እንዴት አስገባሁ? ፊርማ ቆጠርኩ እንጂ ላኪውን አላየሁም። አሥራ አንድ ዓመት መዝገብ ቤት ተቀምጬ!

ታኅሣሥ 23

ከቢሮ ስመለስ ታደለች ጋ ሄድኩ። «ስለ ኤሊዋ ማን ነገረሽ?» ደነገጠች። «ምነው? ምን አጠፋሁ?» አላጠፋሽም፣ ማን ነገረሽ ብቻ። አያቶቿን ትታ «አዱኛ» አለች።

አዱኛ በሩ ላይ ነበር። «ስለ ኤሊዋ ከማን ሰማህ?» ቆብ አወለቀ። «እኔ እንኳ... እማሆይ ወለተሥላሴ ሲሉ ነው።» ለምን ላብ አላበው?

እማሆይ ከቤታቸው አልወጡም፤ በመስኮት ነው ያናገሩኝ። «ደብሪቱ ናት ልጄ። እኔ ከራሴ አንድም አልጨመርኩ፣ ሚካኤል ምስክሬ ነው።» መስኮቱን ዘጉት።

ኤሊ ነው እኮ የጠየቅኩት። ሰው ለምንድነው እንዲህ የሚሆነው?

ታኅሣሥ 24፣ አርብ

ደብሪቱ ልብስ እያሰጣች ነበር።

«ደብሪቱ፣ ኤሊዋ ትተኛለች ብሎ ማን ነገረሽ?»

ሳቀች። «የሺ፣ ምን ሆነሻል? አንቺ ነሻ! ወረፋ ላይ።»

«እኔ ቢሮ አንድ ሰው ይላል አልኩ እንጂ...»

«ያው ነው። የሺሃረግ ካለች ትክክል ነው አልኩ። አንቺ ዝም ብለሽ አታወሪማ፤ ላኪው ማን ነው የምትይ ሰው።»

አጥሩን ያዝኩ። አራት ፊርማ ካልኩት ሦስቱ የራሴ ናቸው። ያላመንኩት ነገር ሰፈሩን ዞሮ ተመልሶ ሲመጣ አምኜው ሣጥን ውስጥ ከተትኳት!

«በቃ ጀይላንን እጠይቃለሁ» አልኩ። «የኤሊ አገር ሰው እሱ ብቻ ነው።»

«ጆሮ ነው አይደል እንዴ? ረሳሽው?»

አመል ነው... «ማን ነገረሽ?» አልኳት።

ልብስ ማስጫውን ለቃ ዞረች። ደብሪቱ ስትቀልድና ሳትቀልድ አውቃለሁ። አልቀለደችም።

«አንቺ ነሽ። አምና፣ ስኳር የመጣ ቀን። እዩት ይሄን ሰውዬ፣ ማስታወቂያ ሰሌዳው ሥር ቆሞ የሚጽፈው ምንድነው? ማነው የሚያስጽፈው? አልሽ። እኛ ምን እናውቃለን? አንቺ መንግሥት መሥሪያ ቤት ነሽ፤ የምታውቂው ነገር ቢኖር ነው አልን።»

ብያለሁ። አሁን ጥርት ብሎ ታወሰኝ። ቢጫ ሹራብ ለብሶ ነበር። ሰሌዳውን ያያል፣ ይጽፋል፣ ያያል፣ ይጽፋል። ጠየቅኩ እንጂ ነው አላልኩም... ማንን ነው የማታልለው? መጠየቄ ያው መናገር ነው። ለሱም ያው ነው።

ከዚያ ወዲህ ሰዎች ጆሮ ነው ሲሉ ስሰማ እኔም እንደ አዲስ አመንኩት። አንድ ዓመት ሙሉ።

ታኅሣሥ 25፣ ቅዳሜ

ሱቁ ሄድኩ። መጀመሪያ ሲከፍት መደርደሪያው ሙሉ ነበር። ዛሬ አንድ ሬዲዮ ብቻ፤ እሱም የራሱ ይመስለኛል። እንዳየኝ ከወንበሩ ተነሣ። ምንም ሳልናገር ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ወረቀት አውርዶ ዘረጋልኝ።

«ፈቃዴ ታድሷል። ይኸው ማህተሙ።»

«ለፈቃድ አይደለም የመጣሁት። ስለ ኤሊ ልጠይቅዎት...»

«ስለ ኤሊ የማውቀው ነገር የለም።»

«የአዋሽ ሰው ነዎት አሉ።»

«ማን አለ?» አለኝ። በራሴ ቃል! «እትዬ፣ እርስዎ ሰሞኑን ቤት ለቤት እየዞሩ ከማን ሰማህ፣ ከማን ሰማሽ ሲሉ ነበር። ሰው ሁሉ ፈርቷል። እኔ ደግሞ ከሰው ሁሉ ይልቅ መፍራት አለብኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።» ካቻቢቴውን አነሣ። የሚፈታው ሬዲዮ ግን አልነበረም።

እኔን! እኔን ነው የፈራው። ጆሮ የመሰልኩት እኔ ነኝ።  አፈርኩ። በሕይወቴ እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

ታኅሣሥ 26፣ እሑድ

ተመልሼ ሄድኩ። ሳልቀመጥ፣ ሳልጠየቅ ነገርኩት። ካልቸኮልኩ እንደማልናገረው አውቃለሁ።

«አቶ ጀይላን፣ ሰው ስለ እርስዎ የሚያወራውን ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ።»

«የጀመርኩት እኔ ነኝ። አምና ሰሌዳው ሥር ሲጽፉ አይቼ። ሌላ ያየሁት የለም። ምንም አላውቅም ነበር።»

 መንገድ ላይ የሚያልፍ የአህያ ኮቴ ይሰማ ነበር። ከዚያ ደብተሯን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ይቺን አይደል ያዩት? ይዩዋት።»

ከፈትኩ። ሀ ሁ ሂ። ለ ሉ ሊ። ከዚያ በተንጋደደ ጽሑፍ «ማስታወቂያ»። «ዳቦ ቤት»። «የቀበሌ ነዋሪዎች በሙሉ»። «የካ ሚካኤል»። አንዳንዱ ፊደል ተገልብጧል።

«ምድር ባቡር በፈረንሳይኛ ነው የሠራሁት። የአማርኛ ፊደል አላውቅም ነበር። መሠረተ ትምህርት ግቡ ሲባል ከልጆች ጋር መቀመጥ አፈርኩ። ሰሌዳውን እያየሁ ልገልብጥ፣ ቤት ሄጄ ላጥና ብዬ ነው። ሰላም ብዬ የሚመልስልኝ ጠፋ። ሥራ ጠፋ። ባለቤቴ ሰው የማያናግረን ሰፈር ምን እንሠራለን ብላ ድሬዳዋ ወንድሟ ጋ ሄደች። ምን አጥፍቼ ነው እያልኩ ነበር። ፊደል መቁጠር ነው ጥፋቴ?»

 አለቀስኩ፤ እንባዬም አናደደኝ፣ የሚያለቅሰው እሱ መሆን ነበረበት። ይቅር አላለኝም። እኔም ይቅር ይበሉኝ አላልኩም።

ደብተሯን ወደ ኪሱ መልሶ፤ «ኤሊዋ የት ናት?» አለ።

«ሣጥን ውስጥ። ሃያ ሦስት ቀኗ።»

ራሱን ያዘ። «የአዋሽ ኤሊ አትተኛም! ብርዱ ነው ያደነዘዛት። ዛሬውኑ አውጧት። ፀሐይ ላይ፣ ሳፋ ውስጥ፣ ለብ ባለ ውሃ፣ ከአገጯ በታች እስኪደርስ። በየቀኑ ግማሽ ሰዓት። መጀመሪያ ውሃ ትጠጣለች፣ መብሉ ይቆያል። ሲመሽ ሙቀት ያለበት ይሁን፣ ጭስ ግን እንዳይደርስባት። ወተት የለ፣ ዳቦ የለ። ሣር፣ የበለስ ቁልቋል ቅጠል እሾሁ ተልጦ። እኛ ቤት ሦስት ነበሩ፣ አባቴ የያዛቸው፤ ይኼን ይበሉ ነበር።»

«አፍንጫዋስ? አረፋ ነበረው።»

አሰበ። «እሱን አላውቅም። የኛዎቹ እንዲህ ሆነው አላየሁም። ባውቅ እነግርዎት ነበር።»

አላውቅም! ከኅዳር ጀምሮ ስንቱን ጠየቅኩ፣ አላውቅም ያለኝ ይኼ ሰው ብቻ ነው። ያኔ ነው የቀረውን ሁሉ ያመንኩት።

ታኅሣሥ 29፣ ገና

ሰው በዓል ይውላል፣ እኔና እናቴ ሳፋ ከበን ተቀምጠናል። አራተኛ ቀን። ዓይኗን አልከፈተችም። እናቴ ውሃውን በክንዷ ትለካለች፤ ሕፃን እንደምታጥብ። አንዴም «በላች?» አላለችም። ይኼኛው ዝምታ ከጥያቄው ይከብዳል።

ጥር 2

ግራ ዓይኗን ከፈተች። አንገቷን ወደ ውሃው ዘርግታ ጠጣች። ጉሮሮዋ ሲንቀሳቀስ አየሁት። ጮህኩ።

ጥር 6

ደብሪቱ ጋ፣ ታደለች ጋ፣ እማሆይ ጋ፣ አዱኛ ጋ፣ አንድ በአንድ ዞርኩ። ጀይላን ጆሮ አይደለም፣ ያወራሁት እኔ ነኝ፣ ያየሁት ፊደል ሲገለብጥ ነው አልኩ። ታደለች «እሺ፣ እሺ» ብላ ጎመኗ ላይ ውሃ ረጨች። እማሆይ አማተቡ። አዱኛ የዘበኝነት ቤቱን በር ከውስጥ ዘጋ።

ደብሪቱ ክንዴን ይዛ ወደ ጓዳ ወሰደችኝ።

«የሺ፣ እኔ እህትሽ ነኝ። እውነቱን ንገሪኝ። ምን ብሎ አስፈራራሽ?»

«ማንም አላስፈራራኝም። እኔ ነኝ ያልኩት፣ ውሸት ነበር።»

«አይ የኔ እናት... ያኔ ማንም ሳይነካሽ የተናገርሽው ነው እውነቱ። አሁንማ ሱቁ ሁለቴ ስትገቢ ታይተሻል።»

ወሬውን ያስገባሁት በአንድ ጥያቄ ነው፤ ላስወጣው ብዬ ያላልኩት ቃል የለም፣ አይወጣም። ስናገር የሚያምኑኝ ክፉ ስናገር ብቻ ነው እንዴ?

ጥር 9

በላች!! የቁልቋል ቅጠል፣ የአውራ ጣት ያህል። እናቴ ከእጇ ነው ያበላቻት። ከዚያ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ፣ ፊቷን ወደኔ ሳታዞር፤

«ከነገሳ ወረቀት አልመጣም?» አለች።

ከስንት ጊዜ በኋላ ስሙን ጠራችው።

«አልመጣም እማዬ።»

«እሺ» አለች። «ነገ ጻፊለት። ቆጫዋ ታማ ተነሣች በይው።» አቅፌያት ተንሰቀሰቅኩ። እሷ አላለቀሰችም። የአፍንጫው አረፋ በራሱ ጠፍቷል፤ ለምን እንደጠፋ የሚያውቅ የለም፣ እኔም ምክንያት አልፈጥርለትም።

ጥር 10

ለነገሳ ጻፍኩ። የሚከፍተው ይክፈተው።

ጥር 15

ሬዲዮዬን ይዤ ጀይላን ጋ ሄድኩ። ሥራ እንዲያገኝ ብዬ ነው፣ ሬዲዮው ደኅና ነው። ፈታው፣ አየው፣ መልሶ ገጠመው። «ምንም የለበትም። የሚያስከፍል ነገር አልሠራሁም» ብሎ ሰጠኝ። ተናድጄም፣ አፍሬም ወጣሁ። በሩ ላይ ስደርስ «ኤሊዋን ከውሃው በኋላ በደንብ ያድርቋት» አለኝ። እስካሁን አልሳቀልኝም። ልክ ነው።

ጥር 23፣ ቅዳሜ

ስኳር መጥቷል ተባለ። ስደርስ ወረፋው ከሱቁ በር እስከ ማስታወቂያ ሰሌዳው ደርሷል። ሲያወሩ ነበር። እኔን ሲያዩ ስለ አየሩ ብርድ ማውራት ጀመሩ። ይኼን ወሬ አውቀዋለሁ፤ እኔም አውርቼዋለሁ። ከዚያኛው በኩል ሆኖ ሲሰማ እንዴት እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር። 

ደብሪቱ ከፊት፣ አምስተኛ ላይ ናት። እጇን አውለበለበችልኝ። ከልቧ ነው፣ ታዝንልኛለች። «የሺ፣ ነይ፣ ቦታ ይዤልሻለሁ!»

ጀይላን መጨረሻ ላይ ቆሟል። ከፊቱ ካለችው ሴትዮ ጋር ሁለት ሰው የሚያስቆም ክፍተት አለ።

እሄድ ይሆናል ብዬ ራሴን ጠረጠርኩት። የእውነት። እናቴ ሻይ ያለ ስኳር አትጠጣም፣ ፊት ያለው ያገኛል፣ ኋላ ያለው አያገኝም። ቆሜ አሰብኩበት። ከዚያ «እግዜር ይስጥልኝ ደብሪቱ» አልኩና ከጀይላን ኋላ ቆምኩ።

አልዞረም። ከኋላችን የሚመጣው ሰው ሁሉ ትንሽ ያመነታል፣ ከዚያ ራቅ ብሎ ይቆማል። ድሮ ቢሆን ማን እንደሆነ፣ ምን እንዳለ በልቤ እመዘግብ ነበር። ዛሬ ወደ ኋላም አላየሁ።

«አቶ ጀይላን» አልኩ። በሹክሹክታ አይደለም፤ ደብሪቱ ጋ በሚደርስ ድምፅ። «ደረቅ ሣር ሰጠኋት፣ እምቢ አለች። እርጥቡን ብቻ ነው የምትበላው። ምን ላድርግ?»

 እሱ ቀስ ብሎ ዞረ፣ ሰዉን አየ፣ እኔን አየ።

«ቀላቅለው ይስጧት» አለ። እሱም ጮክ ብሎ። «አንድ እጅ እርጥብ፣ ሁለት እጅ ደረቅ። ትለምደዋለች።»

ስኳሩ እኛ ጋ ሳይደርስ አለቀ።